የቀንበጡ ማባዣ

ኮልፌ ላይ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከሦስት አጥር ማዶ «ይማርህ» የሚለው አያጣም። ወንድይፍራው ግን ጠላት ከገባ ወዲህ ራሱን ራሱ ይማርህ እያለ ነው የኖረው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም እንደ እሱ ያለ፣ ለሰው ዕቃ እጁን የማይዘረጋ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ሰፈሩ አልነበረውም። ጥፋቱ እንጀራው ነበር። ጣሊያኖቹ የከተማውን ባሕር ዛፍ የሚቆጣጠር ቢሮ ሲከፍቱ ዛፍ የሚለካ ሰው ፈለጉ፤ እሱም ገባላቸው።

ሚስቱ አበበች ወሬውን የሰማች ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «የማን ሚስት ልባል ነው እኔ? የባንዳ?» አለችና ልጃቸውን ይዛ ጎጃም፣ አባቷ አገር ገባች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋም አልተሰማም። ጎረቤቱም የሚስቱን ፍርድ የራሱ አድርጎ ያዘው። ወንድይፍራው ሲመጣ ጨዋታ ይቆማል፣ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል።

እውነቱን ለመናገር መለካቱን ጣሊያን አላስተማረውም። ከጠላት በፊት ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ሲጎትት ኖሯል። መሐንዲሱ አገሩ ሲገባ የተወለት ቅርስ አንድ ደብተርና አንድ አመል ነው፤ ያልለኩትን አለመናገር። በ፲፱፻፳፯ ዓመተ ምሕረት፣ ገና ማንም ሳያዘው፣ ከኮልፌ ዳገት አርባ ስምንት የባሕር ዛፍ ጉቶ መረጠና መለካት ጀመረ። አንዳንዱ ሰው ርግብ ያረባል፣ አንዳንዱ ዳማ ይጫወታል፤ እሱ ቀንበጥ ይለካል።

የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንደማይሞት፣ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ማንም ያውቃል። በስንት ጊዜ ስንት ያድጋል ብለህ ብትጠይቅ ግን የኮልፌ ሰው «እንደ ዝናቡ ነዋ!» ብሎ ይገላገልሃል። ወንድይፍራው የያዘው ይህንኑ «እንደ ዝናቡ» የሚለውን ቃል ነበር። ዝናቡ ስንት ነው? በጋውስ ስንት ነው? ወር በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን ቋጠሮ ያለበትን ክሩን ይዞ ዳገቱን ይወጣል፣ አርባ ስምንቱንም ይለካል፣ ቤቱ ገብቶ ለእያንዳንዱ ልክ ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ይጥላል። ነጥቦቹ እንደ ፈሰሰ ስንዴ የተበተኑ ናቸው። አንዱ ጉቶ ጥላ ውስጥ ነው፣ አንዱን ፍየል ቀምሶታል፣ አንዱ እንዲያው በተፈጥሮው ሰነፍ ነው። በነጥቦቹ መካከል ጥቁር ክር ይወጥርና ከክሩ በላይ ያሉትና ከክሩ በታች ያሉት እስኪመዛዘኑ ድረስ ጥቂት ጥቂት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ክሩ ረጋ ማለት ቁጥሩ ተገኘ ማለት ነው።

በአራት ዓመት ያገኘው ይኸው ነበር። በዝናብ ወር ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ በበጋ ወር ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ጉቶው አንድ ወር ያህል ምንም ሳያበቅል ዝም ይላል። የቢሮው ሹም ሲኞር ፋልኮኒ ይህን ኮኤፊቼንቴ ይለዋል። ወንድይፍራው በደብተሩ ላይ «ማባዣ» ብሎ ጻፈው፤ ወራቱን በእሱ ስታባዛ የቀንበጡን ቁመት ይሰጥሃላ። ገልብጠህ ብታካፍል ደግሞ ከቀንበጡ ቁመት ተነሥተህ የተቆረጠበትን ቀን ታገኛለህ። መዘዙ የመጣው በዚህ በግልባጩ በኩል ነው።

ሹሙ ማባዣውን ባየ ጊዜ እጅግ ወደደው። ከመውደዱም የተነሣ በንጹሕ ወረቀት አስገለበጠና በራሱ ስም ለበላዮቹ ላከው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ! ወንድይፍራው ክሩን ይዞ መለካቱን ቀጠለ። ስሙን ለማን ብሎ ይጽፈዋል? የሚያነብለትም የለ፣ ተሳስተሃል የሚለውም የለ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

አንዲት ሰው ብቻ ነበረችው፤ ወለተጻድቅ የሚሏት ስልሳ ዓመት ያለፋት ባልቴት። ሟች ባሏ የተወላት የባሕር ዛፍ ቦታ ከዳገቱ ሥር፣ ወደ አስኮ ከሚወስደው መንገድ በላይ ነው። ወንድይፍራው በአጥሯ ሥር ሲያልፍ ቅጠል ከምትጠርግበት ቀና ትልና «እንዴት አደርክ ልጄ?» ትለዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እማማ?» ይላል። ሌላ ጨዋታ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ከሰው የሚያገኘው ቃል ግን ያችው ስለሆነች አንዳንድ ቀን መንገዱን አዙሮ በዚያ ይመጣ ነበር።

በ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት መስከረም አሥራ ስምንት ቀን፣ መስቀል ባለፈ በማግሥቱ፣ አርበኞች ከአስኮ ወዲያ መንገዱን በባሕር ዛፍ ግንድ ዘግተው የጣሊያን ካሚዮኖች አጋዩ። አራት ወር ሙሉ ግንዱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። ጥር ላይ አንድ ጆሮ ጠቢ ግንዱ የወረደው ከኮልፌ ዳገት ነው ብሎ ተናገረ። በመንገዱ አጠገብ ዛፍ የተቆረጠባቸው ቦታዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የጎረቤቱ የቱሉ፣ የእንጨት ፈላጩ የነገሬና የወለተጻድቅ። ሦስቱም «በዚያን ሰሞን አልቆረጥንም» አሉ።

ሲኞር ፋልኮኒ ወንድይፍራውን አስጠራው። «ያንተ ኮኤፊቼንቴ ዘመድ የለውም፣ ሰው አያፍርም» አለው። «ሦስቱንም ለካና የተቆረጡበትን ቀን አምጣልኝ። ቀኑ መስከረም ላይ ያረፈ ሰው መልሱን ለወታደሮቹ ይሰጣል።»

እዚህ ላይ ወንድይፍራው «ይህን አልችልም» ቢል ኖሮ ተባርሮ ቤቱ ይቀመጥ ነበር እንጂ ሌላ ነገር ባልመጣ። እሱ ግን፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ደስ አለው። ማባዣውን አንድ ሰው ለቁም ነገር ሲፈልግለት የመጀመሪያው ነበር።

ጥር አሥራ አምስት ቀን ወጣ። የቱሉ ቀንበጥ አንድ ሜትር ከስልሳ ደርሷል፤ ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ የተቆረጠ ነው። የነገሬ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ኅዳር ላይ የተቆረጠ ነው። ሁለቱም ነጻ ወጡ። ከዚያ ወደ ወለተጻድቅ ቦታ ገባ። አሥራ ሁለት ጉቶ ነበር። ለካ፣ ደገመና ለካ። መካከለኛው ሃያ ሰባት ሆነ። ሃያ ሰባት ሲካፈል ለዘጠኝ ሦስት የበጋ ወር ነው፤ ጉቶው ዝም የሚልበት አንድ ወር ሲጨመር አራት። አራት ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ መስከረም አሥራ አምስት ላይ አረፈ። ማባዣው በሳምንት ያህል ወዲያ ወዲህ ሊስት እንደሚችል ያውቃል፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ደግሞ አሥራ ስምንት አለች። ክሩን እየጠቀለለ ቆሞ ቀረ።

ወለተጻድቅ በደጇ ቅጠል እየጠረገች ነበር።

«እማማ፣ እነዚህን ዛፎች መቼ ነው ያስቆረጧቸው?»

«ሚያዝያ ላይ ነዋ፣ ከፋሲካ ማግሥት። ቤቴ ሊወድቅብኝ ሲል ግድግዳውን አሳደስኩበት። ምነው ልጄ?»

«እርግጠኛ ነዎት? መስከረም ላይ አይደለም?»

«የገዛ ዛፌን የቆረጥኩበትን ልርሳ? ገና እኮ አላረጀሁም!» ብላ ሳቀች።

ወንድይፍራው አልሳቀም። ሚያዝያ ላይ የተቆረጠ ጉቶ ክረምቱን ጠግቦ እስካሁን አንድ ሜትር ከሃያ ያልፍ ነበር። ዋሸችኝ፣ አለ በልቡ። ሰፈሩ ሁሉ ሲጠላው ችሎታል፤ የእሷ ውሸት ግን አንጀቱን አሳረረው። ዛፉን ለአርበኞች ሰጥታ ቢሆን እንኳ ለእሱ ብትነግረው ይሞትላት እንደነበር አሰበ። ለካ እሷም እንደ ሌሎቹ ባንዳ አድርጋ ነው የምታየው። «እንዴት አደርክ ልጄ» ያለችውም ከፍርሃት ኖሯል። በዚህ ንዴት ቤቱ ገብቶ ቀኑን ጻፈ። የሚናገረው ቁጥሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ደግሞ ብዙ ምስክር አይፈልግም።

ወረቀቱን ጠዋት ሰጠ፤ ቀትር ላይ ወታደሮች መጡ። ወለተጻድቅ እጇን ታስራ በእሱ በር ስታልፍ ሰው በየአጥሩ ቆሞ ያያል። ወንድይፍራው ከበሩ መግባትም መውጣትም አቅቶት ተገትሯል። እሷ ቀና ብላ አየችው።

«ደህና ዋል ልጄ» አለችው።

ወታደሮቹ ከዓይን እንደተሰወሩ ነገሬ መጥረቢያውን በትከሻው እንዳደረገ አጥሩን ጥሶ ገባ። ከኮልፌ ሰው የወንድይፍራውን ግቢ ሲረግጥ ከሦስት ዓመት ወዲህ እሱ የመጀመሪያው ነው።

«ምን አደረገችህ?» አለው። «ምን አደረገችህ አንተ ሰው? በክር ለክቶ መስከረም ተቆረጠ አለ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ቀንበጡ ነው ያለው» አለ ወንድይፍራው። «ሃያ ሰባት ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ ቢቆረጥ ኖሮ...»

«ሚያዝያ ላይ እኔ ነኝ የቆረጥኩላት! በዚህ መጥረቢያ!» ነገሬ መጥረቢያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ጣለው። «ቀንበጡማ ነበረ፣ ወገቤ ድረስ ደርሶ ነበር። የደመራ ዕለት ልጆቹ ለደመራው ልብስ የሚሆን ቅጠል ፈልገው ሄዱ። ‹ለመስቀል አይደል? ግንጥል አድርጋችሁ ውሰዱ› ብላ መርቃ ሰጠቻቸው። አንድ ሳያስቀሩ ነው የገነጠሉት። ደመራው በእሷ ቅጠል ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። ኮልፌ በሙሉ አይቷል! አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው።»

እውነቱን ነው፤ ወንድይፍራው አላየም። የደመራ ዕለት የሚጠራው ሰው ስለሌለ በሩን ዘግቶ ሰንጠረዥ ሲያሰምር ነው የዋለው። ጭሱ ብቻ በመስኮት ገብቶ አስነጥሶት ነበር።

ነገሬን ትቶ ወደ ዳገቱ ሮጠ። ከወለተጻድቅ ጉቶዎች አጠገብ ተንበረከከና የመጀመሪያውን በእጁ ገለጠው። ከቀንበጦቹ ሥር፣ በቅርፊቱ ዙሪያ፣ የቆዩ ቀንበጦች የተገነጠሉበት ጠባሳ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሲለካ ክሩን እንጂ ሥሩን አላየም ነበር። እሷ አልዋሸችም። ማባዣውም አልዋሸም፤ ቀንበጡ የበቀለበትን ቀን በትክክል ነግሮታል። ዛፉ የወደቀበትን ቀን ጠይቆ ቀንበጡ የተገነጠለበትን ሲነግረው ልዩነቱን ያላወቀ እሱ ነው። እዚያው ጉቶው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዕለቱን ቢሮ ሄዶ የደመራውን ነገር፣ የጠባሳውን ነገር አንድ በአንድ ለሹሙ አስረዳ። ሲኞር ፋልኮኒ ፈገግ አለ።

«የአገርህ ሰዎች ተረት ነገሩህ፣ አንተም አዘንክ። ጠባሳ ፍየልም ይሠራል። ኮኤፊቼንቴው ትክክል ነው ወይስ አይደለም?»

ወንድይፍራው በብብቱ የያዘውን ደብተርና ክር ጠበቅ አደረገ። ትክክል ነው ካለ እሷ መሞቷ ነው። ሹሙ የሚያምነው ማስረጃ እንደሌለ ገባው፤ የሚያምነው ቁጥሩን ብቻ ነው። እንግዲያው መሞት ያለበት ቁጥሩ ነው።

«አይደለም» አለ። «ውሸት ነው።»

«ምን አልክ?»

«አልለካሁም። ዳገት መውጣት ሲሰለቸኝ ቤቴ ተቀምጬ ከራሴ የጻፍኩት ነው። አራቱንም ዓመት።»

ይህን ሲል የገዛ ልጁን በአደባባይ የእኔ አይደለም ብሎ የካደ መሰለው። ሹሙ መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ በራሱ ስም ለበላዮቹ የላከው ወረቀት ትዝ ሲለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በጥፊ መታው። ደብተሩን ቀምቶ ቅጠል በቅጠል ቀደደው፣ ክሩንም እሳት ውስጥ ጨመረው። ወንድይፍራው ጥፊውን ቻለው፤ ደብተሩ ሲቀደድ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

በወለተጻድቅ ላይ ከቁጥሩ በቀር ማስረጃ አልነበረም፤ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተፈታች። ወንድይፍራው መንግሥትን አታለለ ተብሎ ሦስት ወር በአምቦ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈለጠ። ሚያዝያ መጨረሻ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኮልፌ የራሱን ታሪክ ሠርቶ ጠበቀው፤ በክር ሰው አሳሰረ፣ ክሩ ደግሞ ውሸት ሆኖ ተገኘ፣ ለጌቶቹም አልታመነም። ሰው እየተጠቃቀሰ ይስቅበት ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አንዳንዱ እውነት ግን ከጠራ ሰው ያስገድላል። ሹሙ ቁጥሩ ልክ እንደነበረ ቢሰማ ወለተጻድቅ ተመልሳ ትታሰራለች። ስለዚህ ወንድይፍራው አፉን ዘጋ። በእሷ አጥር ሥር ማለፉንም ተወ። ውኃ ለመቅዳት እንኳ ዳገቱን ዞሮ በሩቁ ይሄዳል። የሚያናግረው ሰው ሳያገኝ ክረምቱ ወጣ። ምሽት ላይ ድምፁ ይኑር አይኑር ለማወቅ ብቻውን ያወራ ነበር።

መስከረም አሥራ ስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወለተጻድቅ ነበረች።

«ጠፋህ» አለችው። «ና እስቲ አንዴ።»

ተከትሏት ዳገቱን ወጣ። ጉቶዎቿ ሁሉ ለደመራው ተገንጥለው ባዶ ቀርተዋል። ሦስቱ ብቻ፣ ዳር ላይ ያሉት፣ ቀንበጣቸው እንዳለ ቆሟል።

«ልጆቹን ‹እነዚህን አትንኩ፣ የወንድይፍራው ናቸው› አልኳቸው» አለች። «የምትለካው እንዳታጣ ብዬ ነው።»

እሱ ሳያውቀው በልቡ ማስላት ጀምሮ ነበር። ካለፈው መስቀል አንድ ወር ዝምታ፣ ሰባት ወር ተኩል በጋ፣ ሦስት ወር ተኩል ዝናብ፤ አንድ መቶ አርባ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ። ክር የለውም። ክንዱን ከቀንበጡ ጋር አስጠግቶ ከሥር ጀምሮ ለካ። አንድ ክንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ክንድ ከጫፉ ቅጠል ጋር እኩል ሆነ። ክንዱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ያውቃል። አርባ ስምንት ነው።

«እማማ» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት። «ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ክሩ ውሸት ነው ሲሉም ሰምተዋል።»

«ስፈታ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነገረኝ። ቤቱ ተቀምጦ ከራሱ ነው የጻፈው አለኝ።» ወለተጻድቅ ጠጋ አለችው። «አራት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በአሥራ አምስት፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ ይህን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ በአጥሬ ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ። አንድ ወር አላጎደልክም። ቤትህ ተቀምጠህ አልጻፍከውም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ከተሰማ ሁለታችንንም ይበሉናል። ላንተ ግን ልንገርህ ብዬ ነው።»

ወንድይፍራው አራት ዓመት የሠራውን ያየ ሰው እንደነበረ ሲያውቅ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። እሷም የሚያለቅስ ሰው አላየሁም ብላ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች።

በኋላ ተነሣና ሦስቱን ቀንበጦች ከሥራቸው ገነጠላቸው።

«ምነው? ላንተ ያስቀረሁት አይደል?»

«ደመራው ይልበሰው እማማ» አለ።

ሁለቱ አብረው ወረዱ። ሜዳው ላይ ሰዉ ደመራውን ከቦ ቆሟል። ወንድይፍራው ቀንበጦቹን ታቅፎ ሲመጣ ጨዋታው እንደ ልማዱ ቆመ፣ መንገድም ተለቀቀለት። መንገድ የለቀቁት አክብረውት ሳይሆን እንዳይነካቸው ነው። ቀንበጦቹን ከሌሎቹ ጋር አስደግፎ ወደ ኋላ ተመለሰና ከሁሉ ዳር ቆመ። ወለተጻድቅ ከሴቶቹ ጋር ሳትቀላቀል መጥታ አጠገቡ ቆመች።

እሳቱ ሲለኮስ ነፋሱ የአረንጓዴውን ቅጠል ጭስ ወደ እነሱ ነዳው። የባሕር ዛፍ ጭስ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ወንድይፍራው አስነጠሰ።

«ይማርህ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ ከኋላው፣ የነገሬን የሚመስል።

ለሌላ ሰው የተባለ እንዳይሆን ፈርቶ ዞር ብሎ አላየም።